አበልጅ እንዳይሆን

ላሊበላ፣ መስከረም 20 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለሜ ሰብሌ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስልኝ። ክረምቱን ሙሉ አንድም ደብዳቤ ባለመላኬ ይቅርታ አድርጊልኝ። ረስቼሽ አይደለም። ውኃ ስቀዳም እንጨት ስለቅምም በሐሳቤ ስጽፍልሽ እውላለሁ፤ ኋላ የላክሁት እየመሰለኝ ወረቀት ሳልይዝ እቀራለሁ።

እንግዳሽ በመስቀል ማግስት ደርሷል። በላክሽልኝ ሹራብ እጅጌ ውስጥ የደበቅሽውን ወረቀትም አግኝቼዋለሁ፤ ማንም አላየብኝም። ለጠየቅሽኝ ሁሉ ልመልስ። አዎ፣ ደህና ገብቷል፤ ከጋሸና ወዲህ ያለው መንገድ ግን ሆዱን አገላብጦበት የመጀመሪያውን ቀን ተኝቶ ነው የዋለው። አዎ፣ ይበላል። ክርኑ እንዳበጠ ነው። አይ፣ ስለ አንቺ አልጠየቀኝም። ግን ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ፎቶሽ አንድ ጊዜም ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ አላየሁም።

ፊት ለፊት «ጋሼ አረጋ፣ አንቱ» እለዋለሁ። ለአንቺ ስጽፍ ግን «እሱ» ብል ይቀለኛል፤ አትቆጭኝ።

አባባ ሥራው አልገባቸውም። በቅሎዋን ለቱሪስት እየጫኑ ጠየቁት።

«ኳስ በመምታት ደመወዝ ይከፈልሃል?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ስትስትስ?»

«ስስትም ይከፈለኛል፤ ግን ይቆጡኛል።»

«ከኛዋ ሰብሌ ጋር ነው የምትሠራው?»

«በአንድ ክለብ ነን። ጥንድ ሆነን ቴኒስ ነው የምንጫወተው። አንድ ወንድና አንድ ሴት በዚህ በኩል፣ እንዲሁ ሁለት ሰው ደግሞ ከመረቡ ማዶ።»

«እንደ ጥማድ በሬ?»

«እንደሱ ነው። አንዳንዴ ግን አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ ይጎትታል።»

አባባ በጣም ሳቁ። «እንዲህ ያለውን በሬ እኛ ገበያ አውጥተን እንሸጠዋለን» አሉት።

ከነገ ጀምሮ ሁለት ሱባኤ አሸተን ማርያም እየወጣ ጸበል ይጠመቃል። እማ ወሯ ገብቷል፤ ደጅ መውጣት ትታለች።

ራኬትሽ ክርኑን እንደመታው ጽፈሽልኛል። ሁለታችሁም ወደ አንዲት ኳስ ለምን እንደሮጣችሁ ግን አልጻፍሽልኝም። ደጅ ተቀምጬ ሳስበው ሜዳው ይታየኛል። ቀይ አፈር፣ ነጭ መስመር፣ ኳሷ ማን እንደሚወስዳት እየጠበቀች በአየር ላይ ቆማ። አንቺ ስትሮጪ፣ እሱም ሲሮጥ። ከዚያ ወዲያ ያለው አይታየኝም።

ታናሽሽ ባንችይርጋ


አዲስ አበባ፣ መስከረም 28 ቀን 1996 ዓ.ም.

ባንቺዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልምምድ ልገባ ስለሆነ ባጭሩ ልጻፍልሽ።

እኔ ፎቶዬን አየ አላየ ብዬ ጠየቅሁሽ? የጠየቅሁት ስለ ክርኑ ነው። የመታሁት እኔ ስለሆንኩ መዳኑን ማወቅ አለብኝ፤ ሌላ ምንም የለበትም። ግን ካነሳሽው አይቀር፣ የትኛው ፎቶ ነው? ያ በልጅነቴ ፀጉሬን ተላጭቼ የተነሳሁት ከሆነ ዛሬውኑ አውርጂው።

አሠልጣኛችን አረጋ እስኪመለስ ከሌላ ሰው ጋር አጣምሮኛል። በጣም ጨዋ ነው። መሐል ላይ የመጣችውን ኳስ ሁሉ «ያንቺ» እያለ ይተውልኛል። ስሳሳት «ምንም አይደለም፣ ሰብሌ» ይለኛል። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር መጫወት እንዴት እንደሚያደክም አታውቂም። አረጋ ቢሆን ኖሮ እኔ በሳትኩ ቁጥር ሰማዩን ቀና ብሎ እያየ ረጅም ጸሎት ያደርስ ነበር።

ለምን ወደ አንዲት ኳስ እንደሮጥን ጠይቀሽኛል። አልነግርሽም። ከኳሷ በፊት አንድ ነገር ተናግሮኝ ነበር። ያን ያህል ሰው እያየን፣ ነጥቡ እኩል ሆኖ፣ ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚነገር ነገር አልነበረም። በዚሁ ተይው።

አሸተን ሲወጣ ጋቢ ይደርብ፤ ያ ንፋስ ሳል ያመጣል። ይኼን እኔ አልኩ እንዳትይ።

እማ ስትወልድ ቶሎ ላኪብኝ።

ሰብሌ


ላሊበላ፣ ጥቅምት 4 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለሜ፣

እንኳን ደስ ያለሽ፤ ወንድም አገኘን! መስከረም 27፣ በመድኃኔዓለም ቀን ረፋድ ላይ ተወለደ። በስልክ ብነግርሽ ይፈጥን እንደነበር አውቃለሁ። ግን ቴሌ ቤት ሰው ሁሉ እየሰማ መጮህ አልችልም፤ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እማ አሁን ደህና ናት። ምን ሆና እንደነበር ስትመጪ ራሷ ትንገርሽ፤ እኔ ልጽፈው ስል እጄ ይቆምብኛል። ይኼን ብቻ እወቂ። ጤና ጣቢያ እስክትደርስ ቃሬዛውን ከፊት የተሸከሙት አባባና ጎረቤታችን ጋሽ ውዱ ነበሩ። ከኋላ ደግሞ አረጋ ነበር፤ በግራ እጁ፣ አንድ ጊዜም ሳያሳርፍ። አዋላጇ ትንሽ ብትዘገዩ ብላ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ እማ ስሙን አትጠራም፤ «ልጄ» ነው የምትለው። ሱባኤው ሊያልቅ ቀናት ቀርተውት ነበር። እስከ ክርስትናው እንዳይሄድ ለምናው፣ ሐኪሙም የሁለት ወር ዕረፍት አዞለታልና እሺ ብሏል። ክርስትናው በአርባ ቀኑ ነው፤ ኅዳር 6፣ እሑድ ይውላል።

ጋቢ ይደርባል። ማን እንዳለ አልተናገርኩም።

ስለ ልምምዱም ልንገርሽ። ክርኑ እስኪሽር በግራ እጁ የበቅሎ ቤቱን ግድግዳ ይመታል። በቅሎዋ ተቀይማ ሁለት ቀን አልበላችም። ባለፈው ኳሷ አጥር ዘለለችና ቁልቁለቱን ነጥራ ነጥራ ቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ውስጥ ገባች። አረጋ ጫማውን አውልቆ ሲደርስ የነፍስ አባታችን መምሬ ጥሩሰው ኳሷን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ያገላብጧታል።

«ይቺ የማን ናት?»

«የኔ ናት፣ አባቴ። ይፍቱኝ።»

«ትበላለች?»

«አትበላም።»

«እንግዲያ ምን ታደርግልሃለች?»

«እንጀራዬ ናት፣ አባቴ።»

መምሬ ቆይተው ቆይተው ሳቁ። ኳሷን ባርከው ሰጡት።

ጠዋት ጠዋት ጸበል ሲወጣ እስከ አሸተን እኔ ነኝ የምሸኘው። ተራራው ላይ ስንደርስ ደመናው ከእግራችን በታች ይሆናል። ከተማው የለም፣ ገበያው የለም፣ የምናውቀው ሰው ሁሉ ከደመናው ስር ነው። እሱም አይናገርም፣ እኔም አልናገርም። እዚያ ዝም ማለት ነውር አይደለም። ከዚያ ፀሐይ ትወጣና አገሩ አንድ በአንድ ይመለሳል፤ መጀመሪያ ዛፍ፣ ቀጥሎ ጣራ፣ ቀጥሎ የሰው ድምፅ። አንቺም እንዲሁ አንድ ጠዋት ከደመና የምትወጪ ይመስለኛል።

ባንችይርጋ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 12 ቀን 1996 ዓ.ም.

ባንቺዬ፣

እልልታዬን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። እማ ምን ሆና እንደነበር አለመጻፍሽ ደግ አደረግሽ፤ ገምቼው ብቻ አልቅሻለሁ።

ከዚያ በኋላ በአንድ አስጎብኚ እጅ የላክሽው ቁራጭ ወረቀትም ደርሶኛል። አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረችበት። ፊት ለፊት ብንሆን በአሥር ዓመትም አትጠይቂኝም ነበር። ሦስት ቀን በትራክሱቴ ኪስ ይዣት ዞርኩ።

መልሱ አዎ ነው።

እንግዲህ ሁሉንም ልንገርሽ። በፍጻሜው ጨዋታ አምስት ለአምስት ሆነን ሳለ ውኃ አቀበለኝና «ሰብሌ፣ ከዚህ በኋላ ሽማግሌ ልላክ?» አለኝ። ልክ ፎጣ አቀብዪኝ እንደሚል ሰው! ከዚያ ወዲያ ኳሷ ሁለት ሦስት ሆና ትታየኝ ጀመር። የመጣችውን ሁሉ «የኔ!» እያልኩ ሮጥኩ። አንዷ የሱ ነበረች። ክርኑም ተመታ፣ ዋንጫውም ሄደ፣ መልሱም ሳይሰጥ ቀረ።

ሆስፒታል በር ላይ «መልስ አልሰጠሽኝም» አለኝ። «መጀመሪያ ክርንህ ይዳን» አልኩት። ጸበሉን የነገርኩት እኔ ነኝ። እናንተን አይቶ፣ ቤታችንን አይቶ፣ ያን ጊዜም ከፈለገኝ ደግሞ ይጠይቀኝ ብዬ ነው።

መልሱን ግን በራሴ አፍ፣ ዓይኑን እያየሁ ነው የምነግረው። ከሌላ ሰው ከሰማው የኔ ነገር ምኑ ቀረ? ስለዚህ ለሱም፣ ለእማም፣ ለአባባም አንዲት ቃል እንዳትወጣሽ። ቤተ መድኃኔዓለም ሄደሽ ማይልኝ።

ሰብሌ


ላሊበላ፣ ጥቅምት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ለሰላምታ ጊዜ ስላጣሁ ይቅርታ። ይህን ደብዳቤ ነገ በሚወርድ ሾፌር እጅ እልካለሁ፤ ባነበብሽበት ሰዓት መልስ ስጪኝ።

ደብዳቤሽ ትናንት ጠዋት ደረሰኝ። እንዳልሽኝ ቤተ መድኃኔዓለም ሄጄ ምሰሶውን ተደግፌ ማልኩልሽ። ደስ ብሎኝ ቤት ገባሁ። ከሰዓት በኋላ እማ ሕፃኑን ታቅፋ አረጋን ከጎኗ አስቀመጠችው። እኔ በር ላይ ምስር እለቅም ነበር።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ብለምንህ እንቢ አትለኝም?»

«እርስዎ ጠይቀውኝ!»

«ይኼን ልጅ ክርስትና አንሳልኝ።»

አረጋ ዓይኑ እንባ ሞላ። ተነስቶ ጉልበቷን ሳመ። «ከዛሬ ጀምሮ የዚህ ቤት ዘመድ ሆንኩ ማለት ነው?» አላት።

«ዘመድ ብቻ! አበልጅ ከወንድም ይበልጣል።»

አባባም ከውጭ ሰምተው ገቡ። «እንግዲህ የዚህ ልጅ አባት ከሆንክ እህቶቹም ልጆችህ ናቸው። ሰብሌ ስታጠፋ ቆንጥጣት» አሉት።

«እሷን ማን ይደፍራታል!» ብሎ ሳቀ። አልገባውም፣ እታለሜ። ከተማ ነው ያደገው። የቤታችን ሰው በመሆኑ አንቺ ደስ የሚልሽ መስሎታል። እማም ምን ታውቃለች? የምትወደውን ሰው በጣም የምታስጠጋ መስሏታል።

አንቺም ከዚህ በልጅነትሽ ስለሄድሽ ረስተሽው እንዳይሆን። የወንድማችን የክርስትና አባት ለኛም አባት ነው። ቤተ ክርስቲያን አታጋባችሁም። ሽማግሌም ደጃችንን አይረግጥም። የዚያችን የሰፈራችንን ልጅ፣ የአለሜን ነገር ታስታውሻለሽ? የሚወዳት ወንድ ልጅ ታናሽ ወንድሟን ክርስትና አንስቶ ነበር፤ ሁለቱም ገና ልጆች ሆነው ምን እንደሚመጣ አላወቁም። አድገው ለጋብቻ ሲጠያየቁ «መንፈሳዊ ዝምድና ነው» ተባሉ። ዛሬ እሷ ሌላ ሰው አግብታ ብልባላ ትኖራለች፤ እሱ ጋሸና ምግብ ቤት ከፍቷል። ቅዳሜ ገበያ ሲመጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ታወርዳለች። እኔ አይቻታለሁ።

ያን ጊዜ ልናገር አፌን ከፈትኩ። የማልኩት ግን በዚያው ጠዋት ነበር። ምስሩ ከእጄ ተበተነ፤ እማ «አይ ይቺ ልጅ፣ ሐሳቧ የት ነው» አለች። ለቅሜ ጨረስኩ።

ከመሐላዬ ፍቺኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል፤ «ተናገሪ» በይኝ።

ባንችይርጋ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1996 ዓ.ም.

ባንቺዬ፣

ምን ደስ የሚል ቀን ነው! ቱሪስት ሸኝቶ የመጣው አስጎብኚ ክለብ ድረስ መጥቶ የእማን መልእክት ነገረኝ። «አበልጅ አግኝተናል፤ እንደሱ ያለ ደግ ሰው አይቼ አላውቅም» ብላለች አለኝ። ማን እንደሆነ ሳልጠይቀው መኪናው ጠርቶት ሮጠ። ከጎረቤት አንዱ ይሆናል። ማንም ይሁን፣ እማን ካስደሰታት ለኔ እንደ አባቴ ነው፤ ስመጣ ጉልበቱን እስማለሁ በይልኝ። ለአበልጃችን ሸማ ገዝቼ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በመንገደኛ እጅ ልኬያለሁ። ጥለቱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ።

መጥፎው ወሬ፣ ለክርስትናው አልደርስም። ነገ ጠዋት ለውድድር ናይሮቢ እንበራለን። ካሸነፍኩ እስከ ኅዳር 8 ድረስ እዚያው ነኝ። እማን ይቅርታ ጠይቂልኝ።

አንቺ ምለሽልኝ እንደሚሆን ስለማውቅ ልቤ አርፏል። እንደ አንቺ ያለ ዝምተኛ እህት ያላት ሰው ምን ያሳስባታል?

ሰብሌ


ላሊበላ፣ ኅዳር 1 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ይህን የምታነቢው ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው። ቢሆንም እጽፋለሁ፤ ካልጻፍኩ የማወራው ሰው የለኝም።

ሾፌሩ የወሰደው ደብዳቤዬ አንቺ ከሄድሽ በኋላ እንደደረሰ ገብቶኛል። ሸማው ደርሷል። አረጋ ማን እንደላከው ሲሰማ ጥለቱን ጉንጩ ላይ አስጠግቶ ቆመ። ላየው አልቻልኩም፤ ወጣሁ።

ትናንት ቴሌ ቤት ሄድኩ። አዎ፣ እኔ። ከኋላዬ አሥር የሚሆን ሰው ተሰልፏል። ኦፕሬተሯ የክለባችሁን ጥበቃ አገናኘችኝ።

«ሰብሌ አለች?» አልኩ።

«ማን?»

«ሰብሌ።»

«አይሰማም! ጮክ በይ!»

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ አንድ ላይ «ሰብሌ አለች ወይ ትላለች!» ብሎ ጮኸልኝ። ጥበቃው ሰማ። «ናይሮቢ ናት፤ እያሸነፈች ነው!» አለ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። እኔ ብቻ አለቀስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንድትሸነፊ ተመኘሁ፤ ይቅር በይኝ።

ከዚያ መምሬ ጥሩሰው ዘንድ ሄድኩ።

«አባቴ፣ የማውቀው ነገር አለ። መናገር ግን አልችልም።»

«ሰርቀሻል?»

«አልሰረቅሁም።»

«ሐሜት ነው?»

«አይደለም፣ እውነት ነው።»

«እውነትማ ከሐሜት ይብሳል። ዝም በይ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ራሱን ልነግረው ወጣሁ። በበቅሎ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀኝ እጁ ይመታ ነበር። ክርኑ ድኗል፣ እታለሜ። ድምፁ ከግራው የተለየ ነው፤ ልክ ልክ ይላል። ኳሷ ሄዳ ትመጣለች፣ ሄዳ ትመጣለች፤ እያየኋት እኔም የሆነ ቦታ ሄድኩ። ነጭ ለብሳችሁ መረቡ ግራና ቀኝ ቆማችኋል፤ ማንም ኳስ አልያዘም። ሲጠራኝ ነቃሁ።

«ባንቺ፣ ልትነግሪኝ የፈለግሽው ነገር አለ?»

«የለም፣ ጋሼ።»

«ከመጣሽ ግማሽ ሰዓት ሆነሽ እኮ።»

«በቅሎዋን ላያት ነው» ብዬ ገባሁ። በቅሎዋ አልነበረችም፤ አባባ ወስደዋታል። ባዶ ቤት ውስጥ ቆሜ ቆየሁ።

አምስት ቀን ቀርቷል።

ባንችይርጋ


ላሊበላ፣ ኅዳር 7 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለሜ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ አረጋ ነው። ነገ ጠዋት ይነሳል። ከኔ ሳትሰሚ ከሱ እንዳትሰሚ፣ መጀመሪያ አንብቢ፤ ከዚያ የፈለግሽውን ፍረጅብኝ።

ትናንት ቅዳሴው ሲያልቅ ቤተ መድኃኔዓለም ግቢ፣ ከድንጋዩ ግድግዳ ስር ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። እማ ሕፃኑን ታቅፋለች። አረጋ ያንቺን ሸማ ለብሶ ከፊት ቆሟል። መምሬ ጥሩሰው መጽሐፉን ገልጠው «የክርስትና አባቱ ማነው? ይቅረብ» አሉ። አረጋ እጆቹን ዘረጋ።

ያን ጊዜ ነጠላሽን ፊትሽ ላይ ስታወርጂ ታየኝ።

«አይሆንም!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ማን እንደሆነ ለማየት እኔም ዞር አልኩ። ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነበር።

«ማናት እሷ?» አሉ መምሬ።

«ባንችይርጋ ናት» አለ አንድ ሰው።

«የትኛዋ?»

«የቢሆነኝ ልጅ።»

«እንዴ፣ እሷ ትናገራለች?»

እማ «ምን ሆነሽ ነው፣ አንቺ ልጅ?» አለች። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። «አበልጅ እንዳይሆን! ሰብሌ ልታገባው ነው! ትወደዋለች፣ ራሷ ጽፋልኛለች። እንዳልናገር አስምላኝ ነው» አልኩ። ያ ግድግዳ «ልታገባው ነው፣ ልታገባው ነው» እያለ መለሰው፤ እስከ ላይ ድረስ፣ ቱሪስቶቹ እስከቆሙበት። ድምፄ ያን ያህል እንደሚሄድ አላውቅም ነበር።

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። አረጋ እጆቹን እንደዘረጋ ደርቆ ቀረ። ሸማው ከትከሻው ወረደ፤ ዲያቆኑ አንስቶ መለሰለት። «እሷ ናት ያለችው?» አለኝ በቀስታ። ራሴን ነቀነቅሁ።

አባባ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። «ሰብሌ? የኛዋ ሰብሌ?» ብቻ ይላሉ። እማ ግን ሕፃኑን እንደያዘች እልልታዋን ለቀቀችው።

«እልልታው ይቆየን» አሉ መምሬ። «ይኼ ልጅ አባት ይፈልጋል። ሌላ ሰው አለ?»

እማ ጋሽ ውዱን በእጅጌው ጎትታ አቀረበችው። «እኔ የመጣሁት ለጠላው ነበር» አለ ጋሽ ውዱ። ወንድማችን ተጠመቀ። ጋሽ ውዱ ሲያቅፈው ማልቀሱን ተወ።

ድግሱ ላይ አረጋ አልበላም። ያየውን ሰው ሁሉ ያጎርሳል። አንዲት የማያውቃት ቱሪስት ሁለቴ አጉርሷታል።

መምሬ መሐላ በማፍረሴ ሦስት መቶ ስግደት ሰጥተውኛል። ነገ እጀምራለሁ። እሱ አይከብደኝም። የሚከብደኝ ያንቺን ቃል መውሰዴ ነው። በራስሽ አፍ፣ ዓይኑን እያየሽ ልትነግሪው የጠበቅሽውን እኔ በሰው ፊት ጮህኩት። ልትጽፊልኝ ካልፈለግሽ ይገባኛል። ብቻ እንደ አለሜ እንዳትሆኚ ነው።

ባንችይርጋ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

ባንቺዬ፣

የፈራሽውን መጀመሪያ ልንገርሽ። አዎ፣ ተናድጄ ነበር፤ ገጽ አንድን እስክጨርስ።

ሜዳ ላይ ሰርቭ እየመታሁ ሳለሁ ነው የመጣው። ከመረቡ ማዶ ቆሞ ደብዳቤሽን በራኬቱ ላይ አድርጎ አቀበለኝ። ቆሜ አነበብኩት። «አይሆንም!» ያልሽበት ቦታ ስደርስ መስመሩ ላይ ተቀመጥኩ። የላክሁት ሸማ! በአባቴ ቦታ ጉልበቱን ልስም የዛትኩበት ሰው! አስቤው እስካሁን ላብ ያሰምጠኛል።

ጨርሼ ቀና ስል አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ይላል?» አለኝ።

«ላሊበላ ሙሉ ሰው የሰማውን ነው የሚለው። አንተም ሰምተሃል።»

«እኔ ከባንችይርጋ ነው የሰማሁት።»

«ታዲያስ?»

«ካንቺ አልሰማሁም።»

ስለዚህ ምንም አልወሰድሽብኝም፤ ቃሌ እዚያው ጠብቆኝ ነበር። ምን እንዳልኩት አልጽፍልሽም። ድምፄ ግን ከቤተሰቡ ነው መሰለኝ፣ በጎን ባለው ሜዳ ላይ ያሉት ጨዋታ አቆሙ።

በጥር ሽማግሌ ይመጣል። ለአባባ አንቺ ንገሪያቸው፤ ከእንግዲህ መናገር ታውቂበታለሽ።

ስለ ስግደቱ እዚህ ያሉትን የነፍስ አባቴን ጠየቅሁ። «ጥፋቱ ያስማለችው ነው፤ የማለችዋ ልጅ ምን አደረገች?» አሉኝ። አረጋም ሲሰማ «ሳላውቅ ገብቼ ላጠፋን የነበርኩት እኔ ነኝና ድርሻዬን ስጪኝ» አለ። መቶ ሃምሳ እኔ፣ መቶ ሃምሳ እሱ ባንቺ ፈንታ ሰገድን። ዛሬ ጠዋት ልምምድ ላይ ሁለታችንም ጉልበታችንን ማጠፍ አቅቶን ዝቅ ብላ የመጣችው ኳስ ሁሉ አለፈችን። አሠልጣኙ «ምን ነካችሁ?» እያለ ሲጮህ መረቡን ተደግፈን ሳቅን።

ስግደትሽን ጀምረሽው ከሆነ አቁሚ፣ እህቴ። ላንቺ የቀረሽ የለም።

ሰብሌ